ፈዛዛ ናቸው ብዬ ያለፍኳቸው

ለውድ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ቤቱ እንዴት ነው፣ ሰዉ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበት ደረጃውን እሺ ብሎ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ሁለት ሰው ደግፏት ነው? ባለቤትሽ ጋሼስ ጣታቸውን ከመጋዝ ጋር ማጣላታቸውን ተዉ? እኔ በአናጢነት ሃያ ዓመት የቆየ ሰው አሥሩም ጣቱ መኖሩን የማምነው እጃቸውን ስጨብጥ ነው። ቀጮ ወንድማችን አሁንም ቁርሱን ቆሞ ጎርሶ ነው የሚሮጠው? ልጅሽ ሚጣስ ቁመቷ የበሩን እጀታ አለፈ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ወር ብርዱ ትንሽ ቆንጥጦኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፣ ለክፉ የሚሰጥ አይደለም።

ይህን ሁሉ ጠየቅኩና ዋናውን ግን አልጠየቅኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በላክሁት ደብዳቤ ሁሉ የእማዬን ጉልበት፣ የጋሼን ጣት፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳይቀር ስጠይቅ ኖሬ አንዲቱን ነገር ሁልጊዜ ዘልያት ነው የማልፈው። ዛሬ ልጠይቅሽ። ሆድሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት ቁርጠቱ አሁንም ይነሳብሻል? ከቤት ለመውጣት አሁንም ሦስት ጊዜ ከበር ትመለሻለሽ? ስትበዪ ይነፋሻል፣ ሳትበዪም ይነፋሻል ወይ? ይህን ስታነቢ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፤ «ዳኛውን ዛሬ ምን ነካው?» ነው የምትዪው። ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በልጅነታችን ሳህን በተሰበረ ቁጥር ማን እንደሰበረው ካልፈረድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበርና።

መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም። ሰላምታሽ በቀጮ በኩል ይደርሰኛል፤ ከአንገት በላይ መሆኑም ይገባኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን ወጊው ሆኜም አልረሳሁትም፤ ብረሳውማ ኖሮ ሆድሽን እየዘለልኩ ባልጻፍኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር «ክፍል ጥለሽ ትወጫለሽ፣ ታማሚ ከሆንሽ ማስረጃ አምጪ» ያለችሽ ጊዜ ነው። አንቺም «አንተ ሆስፒታል ውስጥ ነህ፣ ይህ ሕመም ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንዲት ገጽ ከአንድ ሐኪም አጽፍልኝ» ብለሽ ለመንሽኝ። አንቺ ሰው ለምነሽ የማታውቂ! እኔ ደግሞ አራት መስመር ጽፌ መለስኩልሽ። ደምሽ ታይቷል፣ ሰገራሽ ታይቷል፣ ካሜራም ገብቶ ታይቷል፤ ሁሉም ነጻ ነሽ ብሎሻል፤ የሌለ በሽታ አላስጽፍም፣ አልኩሽ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስጽፈው በጣም ቀጥተኛ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር። በወሩ ከሒሳብ ክፍልሽ አንስተው መጽሐፍ ግምጃ ቤት እንዳስቀመጡሽ ቀጮ ነገረኝ። ክፍልፋይን በአንድ ዳቦ አስተምረሽ ልጆቹ ዳቦውን በልተው ትምህርቱን ይዘው የሚሄዱልሽ ሴት፣ የተቀደደ መጽሐፍ ለጣፊ ሆንሽ።

ከዚያ በፊት የነበረውንም ልናገረው፣ ከተናገርኩ አይቀር። እማዬን ለዓይኗ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስንወስዳት ነዳጅ ማደያው ጋ አውቶቡሱን አስቁመሽ ወርደሽ ሮጥሽ። ሹፌሩ ጥቂት ጠበቀ፣ ጡሩምባ ነፋ፣ ሄደ። እኔም ቁጭ ብዬ ሄድኩ። ስንመለስ ለዘመድ ሁሉ «የእሷ ሆድ ሥራ ሲመጣ ነው የሚያማት» እያልኩ አወራሁ። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ጨመርኩበት፤ የከተማውን ሽንት ቤት ሁሉ በቁጥር ስለምታውቅ ማዘጋጃ ቤት ይቅጠራት አልኩ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። የሌላው ሰው ሳቅ ከጆሮዬ ጠፍቷል፤ የሚያቃጥለኝ ያንቺ ሳቅ ነው።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። ይህንን ሁሉ ቆስቁሼ ያመጣሁት በምክንያት ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው።

ሥራዬን በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። የምሠራው ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ከዓለም የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው፤ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በጫማ ነው። ላይ ፎቅ ያሉት ሐኪሞች በካሜራው ቱቦ ከሰው አንጀት የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ ይቆነጥራሉ። እኛ ቁራጯን ሰም ውስጥ እንቀብራትና ሰሙ ሲደርቅ በስለት ማሽን እንሸልታታለን። የሚወጣው ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳ ነው፤ ካነጠስሽ በቃ፣ የሰውዬው አንጀት ከክፍሉ ጥግ ነው የሚገኘው። ለብ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፈን በመስታወት እንቀልበዋለን፣ ሰማያዊ ቀለም እናጠጣዋለን፣ ከዚያ አጉሊ መነጽር ሥር እናስገባዋለን። አሥራ አንድ ዓመት ይህንን ሠራሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም ጥሩ ነው። በዚህ ቤት ከእኔ የበለጠ ቆጣሪ የለም ብዬ ነበር የማምነው።

አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ሐኪም ናቸው። «ቀስ በሉ» ከአፋቸው ስለማይጠፋ በሌሉበት ወይዘሮ ቀስ እንላቸዋለን፤ የሚያውቁ ይመስለኛል፣ ዝም ብለውናል። አምና አንድ ጥናት ጀመሩ። ስለምን እንደሆነ ሲያስረዱን ጆሮዬ ጋለ፤ ያንቺው ሕመም ነዋ! የአንጀት መቆጣት ይሉታል። በምርመራ ሁሉ ነጻ ነህ፣ ነጻ ነሽ እየተባሉ ዓመቱን ሙሉ ሆዳቸውን ይዘው የሚኖሩ ሰዎች። ከእነርሱም ከጤነኞችም ቁራጭ ተወስዶ አንጀታቸው ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ምን እየሠሩ እንደሆነ ይታያል ተባለ።

እነዚህ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው በዪ። ከመካከላቸው ማስት ሴል የሚሉት አለ። እርሱን ደግሞ በጥቃቅን ፍሬ የተጠቀጠቀ ጆንያ አድርጊው። በደህናው ቀን ጆንያውን አስሮ ይቀመጣል። ጠላት ገባ ሲባል ግን ይዘረግፈዋል፤ የተዘረገፈው ነገር አካባቢውን ያስቆጣል፣ ያሳብጣል፣ ያሳክካል። ጠላት በእውነት ገብቶ ከሆነ እሰየው፣ ሥራው ነው። ጠላት በሌለበት ሲዘረግፍና አጠገቡ የሕመምን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርስ ነርቭ ሲኖር ነው መከራው። ወይዘሮ ቀስ ጥርጣሬያቸው ይህ ነበር፤ አዲስ ሐሳብ እንዳልሆነና ሌሎችም በየቦታው እንደሚያጠኑት ነግረውናል።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። መስታወቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ የታማሚውና የጤነኛው የቱ እንደሆነ አናውቅም፣ እንዳናዳላ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ በጋ ከክረምት ከላይዋ የማይወልቅ አረንጓዴ ሹራብ ያላት ባልደረባዬ፣ ባለሹራቧ የምንላት። እጃችን ላይ በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ መቁጠሪያ አለች። አንድ ሕዋስ አንድ ጠቅታ ነው።

አልዋሽሽም እታለም፣ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። አሁን ይለይለታል አልኩ በልቤ። ልዩነት እንደማይኖር እርግጠኛ ነበርኩ፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ ያቺ አራት መስመር ደብዳቤዬ ልክ ነበረች ማለት ነው። ስም የሌለው መስታወት ለማንም አያዳላም ይባላል። ከመስታወቱ በላይ ያለው ሰው ግን ስም አለው፣ እህትም አለችው።

አንድ ቀን ቁራጭ ልቀበል ላይ ፎቅ ወጥቼ አንዲት ልብስ ሰፊ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። ጣቶቿ ላይ የክር ቀለም ነበረ። ቁራጯን የሰጠችው ያን ዕለት ነው፤ ወንበሩን ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ስባ ነበር የተቀመጠችው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምንም የለም ቢሉኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን፣ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ምንም ካልተገኘበት ደስ ነው እንጂ የሚለው አልኳትና ዕቃዬን ይዤ ወረድኩ። እሷም እሺ አለች፤ ስትመታ እሺ ማለት የለመደች ሰው አባባል ነበር።

ሦስት ወር ቆጠርን። ወይዘሮ ቀስ ሁለቱን መዝገብ ሲያስተያዩ የእኔና የባለሹራቧ ቁጥር አልገጥም አለ። ባንዳንዱ መስታወት ላይ በአንድ እንኳ አንለያይም። ባንዳንዱ ግን እኔ ሃያ ያልኩትን እሷ አርባ አንድ ትላለች። እኔም ሳላቅማማ ቆሻሻ ቆጥራለች አልኩ። ያ አልበቃኝ ብሎ፣ እሷ እዚህ ቤት ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዓይኗን ትታይ ብዬ ጨመርኩ። ባለሹራቧ የሹራቧን እጅጌ ወደ ጣቶቿ ጎተተችና አብረን እንየው አለች።

ለሁለት ሰው የሚሆን አጉሊ መነጽር አለን፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው በዚያው ቅጽበት ያያል። ወይዘሮ ቀስ ባንዱ በኩል፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። እርሳቸው መነጽሩ ውስጥ ባለችው መጠቆሚያ ቀስት እየጠቆሙ ይህስ ይሉኛል፣ እኔ ይቆጠራል እላለሁ። ይህስ፣ ይቆጠራል። ይህስ? አይ፣ ይህ ፈዛዛ ነው፣ ቀለም በደንብ አልጠጣም፣ ይታለፋል አልኩ። ማን ነው ይታለፋል ያለህ አሉኝ። የሥራው ሕግ ነው፣ ሥራውን ያስለመዱኝ ሽማግሌ «ፈዛዛ ሕዋስ አይቆጠርም፣ የተጠራጠርከውን እለፍ» ብለው ነው ያስተማሩኝ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ለሌላው ሥራችን ሁሉ ሸጋ ሕግ ነው። ወይዘሮ ቀስ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይህ ቀለም የሚይዘው ፍሬውን ነው። ይህኛው የፈዘዘው ቀለም አልጠጣ ብሎ አይደለም፣ ፍሬውን ስለዘረገፈ ነው። አንተ የቆጠርከው የተቀመጡትን ነው፤ ያለፍከው ሥራ ላይ ያሉትን።»

ቀስቷን ትንሽ ገፋ አደረጓት። ቀጭን የነርቭ ክር አለፈች፤ ፈዛዛው ሕዋስ ልክ አጠገቧ ተለጥፎ ነበር፣ ፍሬዎቹ ዙሪያውን ተበትነው። ከጎኑ ሌላ ፈዛዛ ነበረ። ከዚያ ወዲያም ሌላ። አንዴ ካየሁት በኋላ አላየሁም ማለት አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ በአሥራ አንድ ዓመት ልምድ፣ በማይንቀጠቀጥ እጅ፣ እየዘለልኳቸው አልፌያለሁ።

እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቴን ከመነጽሩ ላይ ሳላነሳ ቆየሁ፤ እያየሁ አልነበረም፣ ባለሹራቧ ፊቴን እንዳታየው ነው። በዚያች ሰዓት በፊቴ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ተሻግሬ የሄድኩት ሕዋስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደገና እቆጥር ነበር፣ አለቀ። የአንቺን ሕመም ግን ጥርት ብሎ አልታየኝም ብዬ ነው የለም ያልኩሽ።

ሦስት መቶ አርባውንም መስታወት ከመጀመሪያው እንደገና ቆጠርን። ባለሹራቧን ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም በማግስቱ ዓይኔን ታይቼ መጣሁ፣ ደህና ነው አሉኝ ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ ሻይዋን የማፈላው እኔ ነኝ፤ ስኳሩን አበዛህ እያለች በየቀኑ ታስመልሰኛለች።

ባለፈው ወር ቆጠራው አልቆ ስሞቹ ተገለጡ። በታማሚዎቹ መካከል የዘረገፉት ብዙ ሆነው ተገኙ፤ ነርቩ አጠገብ ያሉትም በዙ፤ ብዙ ያለበት ሰው ደግሞ ሕመሙም በርታ ያለ ነበር። ሆኖም የሌለውን እንዳልነግርሽ ወይዘሮ ቀስ አስጠንቅቀውኛል። ከታማሚዎቹ ይህ ያልታየባቸው አሉ፣ ከጤነኞቹም የታየባቸው አሉ፤ የእኛ ጥናት ትንሽ ነው፣ ገና በሌሎች ይመረመራል። ያንቺን አንጀት አላየሁትም፣ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተለመደው ምርመራ ይህንን አይፈልግም። በካሜራ አይታይም፣ በደምም አይታይም። «ነጻ ነሽ» ያሉሽ ሰዎች የፈለጉትን አላገኙም ማለት ነው እንጂ ምንም የለም ማለት አልነበረም። ይህን ሁለቱን ለይቼ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ እንጀራዬ ነውና።

ይህን ሁሉ በዝግታ፣ በእርጋታ ልጽፍልሽ እያሰብኩ ሳለ ነው ባለፈው ረቡዕ ቀጮ የደወለልኝ። እንደ ልማዱ ስለ ኳስ ጀምሮ ስለ ኳስ ሊጨርስ ሲል፣ እግረ መንገዱን እታለም ልትቀደድ ነው አለኝ። እንዴት ብዬ ስጮህበት ነው ቁም ነገር መሆኑ የገባው። አንድ የግል ሐኪም ምናልባት ሐሞት ይሆናል፣ ከፍተን እንየው ብሎሻል አሉ፤ ቀኑም ለወሩ መጨረሻ ተቆርጧል። ሐሞትሽ ላይ ምን ታየ ስለው ምንም አልታየም አለኝ። ታዲያ ለምን እሺ አለች ስለው ወደ ኳሱ ሊመልሰኝ ሞከረ፤ ቀጮ ኳስ ውስጥ ሲደበቅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ከባድ ነገር ነው። በመጨረሻ እናንተ ሳትሰሙ ለእኔ ብቻ ያለችኝ ነው ብሎ ቃልሽን ነገረኝ። «ቢያንስ ከቀደዱኝ ያዩታል» ብለሻል።

ሰው የታመመበትን ለማስረዳት ሆዱን እስከማስከፈት የሚደርሰው ስንት ጊዜ ባይታመን ነው? አንጀቴን በላሽው፣ እህቴ። ከማያምኑሽም የፊተኛው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ነገሩን ለወይዘሮ ቀስ ነገርኳቸው። ባላየሁት ሰው ላይ አልፈርድም አሉ፤ ሐኪሙም የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ቀስ በል አሉኝ። ግን ሄዳ ትጠይቀው፣ አሉ። ምን አይተህ ነው ልትከፍተኝ ያሰብከው? ባትከፍተኝ ምን ይመጣብኛል? ከከፈትከኝ በኋላ ሕመሙ ባይለቀኝስ? የሚያጠግብ መልስ ካልሰጣት ሌላ ሐኪም ሳያያት እንዳትተኛ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እንጂ ሐሞትሽ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማውጣት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይህ ሕመም አይገድልም ይላሉ፤ እንደማይገድል ማወቅ ግን ከቁርጠት እንደማያድን እሳቸውም ያምናሉ። የሚያስታግስ አለ፤ ምግብን እየለዩ ማየት፣ መድኃኒትም ለአንዳንዱ ሰው። የሚሰማ ሐኪም ከተገኘ ይህን ቁጭ ብሎ አብሮሽ ይፈልጋል።

እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት የለመንሽኝ ገጽ ነው። ወይዘሮ ቀስ በእጃቸው ጽፈው ፈርመውበታል፤ ስምሽን አልጻፉም፣ አልመረመሩሽምና። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ታማሚው ሳያስፈቅድ ከክፍል መውጣት ሊያስፈልገው እንደሚችል፣ ይህም ስንፍና እንዳልሆነ ነው የሚለው። ሁለተኛውን ለርዕሰ መምህሯ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህቴ ማስረጃ ስትጠይቀኝ ከልክያት ነበር፣ የከለከልኳትም ስለማውቅ ሳይሆን የማውቅ ስለመሰለኝ ነው ብያለሁ። ሁለቱንም አንብቢያቸው፤ ስጪያት ወይም ቅደጃቸው፣ ያንቺ ፈንታ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝም መብትሽ ነው። ወደ ሒሳብ ክፍልሽ ባትመለሺም እንኳ ወረቀቱ በእጅሽ ይኑር ብዬ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጨቀጭቅሽም፤ በራስሽ ጊዜ ነው። የምለምንሽ ግን አንድ ነገር አለኝ። ሐኪም አይቶ፣ መርምሮ፣ ያስፈልግሻል ካለሽና ካመንሽበት ተኚ፣ እኔም ካለሁበት እጸልያለሁ። እኛ እንድናይልሽ ብለሽ ግን ቢላዋ ሥር እንዳትተኚ። እኔ አምኜሻለሁ። ለእማዬም፣ ለቀጮም፣ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ለሳቁት ዘመዶች ሁሉም፣ ስቼ ነበር ብዬ በየስማቸው ጽፌያለሁ። አንዳንዶቹ ቀልዱን ረስተውት ይሆናል፤ አስታውሼያቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን በቀን ሁለቴ እንጂ ባስታወሰች ቁጥር እንዳትውጥ ንገሪያት። ጋሼን በክብር ሰላም በዪልኝ። የሠሩልኝን ትንሽ በርጩማ እዚህ የምድር ቤቱ ሰው ሁሉ ይሻማባታል፤ ባለሹራቧ ብድር ብላ ወስዳ አልመለሰችም። ቀጮን ምስጢር ስላወጣልኝ አትቆጪው፣ ባያወጣው ኖሮ አሁንም ስለ ጣሪያው ነበር የምጽፈው፤ ቁርሱንም ተቀምጦ ይብላ። ጎረቤታችን ጡረተኛውን ፖስተኛ፣ ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ስለሚያመጡልሽ እጅ ነሥቻለሁ በያቸው።

የሚጣን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምፈራው ነው። ቀጮ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረልኝ። በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዴን፣ ሆዴን ማለት ጀምራለች አሉ። አንቺም ቦርሳዋን አንስተሽ እያሸከምሻት «ምንም የለብሽም፣ ተነሺ» ብለሻታል። ምን እንዳመማት አላውቅም፤ ምናልባት ፈተና ነው፣ ምናልባት የጠዋት ብርድ። ያቺ ቃል ግን ያንቺ አይደለችም፣ እታለም። የእኔ ናት፣ ከእኔ ነው የወሰድሻት። መልሺልኝ። ነገ ጠዋት ልጅቱ ሆዴን ስትልሽ አጠገቧ ተቀመጪና የቱ ጋ ነው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከምድር ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ ከምሳ በኋላ
የካቲት ዘጠኝ ቀን